የቴሌቪዥን መግቢያ ሙዚቃዎች ሲመሳሰሉ፦ በጆሮ፣ በኪቦርድና በክራር የመመርመሪያ መንገድ

ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ማታ፣ ከምሽቱ አራት ወይም አምስት ሰዓት ግድም፣ ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ኳስ በሚያሳዩ ቤቶች የሻምፒየንስ ሊግ መዝሙር ሲነሳ ወሬው ጋብ ይላል። ቫዮሊኖቹ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው አንድ በአንድ ወደ ላይ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ኅብረ ዝማሬው ይገባል። ሙዚቃውን እንግሊዛዊው ቶኒ ብሪተን እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሠራ የተነሳው ከሄንደል «ካህኑ ሳዶቅ» ነው። ሄንደል ይህን መዝሙር በ1727 ለእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ጆርጅ የዘውድ በዓል ደረሰው። ግጥሙም መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ላይ ካህኑ ሳዶቅና ነቢዩ ናታን ሰሎሞንን ሲቀቡ የሚናገረው ነው። የሰሎሞን ዘውድ ዜማ ዞሮ ዞሮ የኳስ መክፈቻ ሆነ ማለት ነው።

ይሄኛው የታወቀና የታመነ ውርስ ስለሆነ አያከራክርም። የሚያከራክሩት ሌሎቹ ናቸው፦ አዲስ ድራማ ይጀምራል፣ አሥር ሰከንድ ሳይሞላ አንዱ «ይሄን ከእንትን ነው የወሰዱት» ይላል፣ ሌላው «ቅኝቱ ነው እንጂ» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ትክክል የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ለመለየት መንገዱ ይህ ነው፦ ሁለቱን ዜማዎች በቁጥር ጻፉ፤ ቅኝቱ የሰጠውን ቀንሱ፤ የፕሮግራሙ ዓይነት የሰጠውን ቀንሱ፤ ማስረጃ የሚሆነው ተቀንሶ የቀረው ብቻ ነው።

ለሥራው የሚያስፈልገው

የጆሮ ማዳመጫ፣ ስልክ ወይም ኮምፒውተር፣ ሁለት ኦክታቭ (ከአንድ «ዶ» እስከ ቀጣዩ «ዶ» አንድ ኦክታቭ ነው) ያለው ማንኛውም ኪቦርድ (የስልክ ፒያኖ መተግበሪያም ይበቃል)፣ ወረቀትና እርሳስ። ኮምፒውተር ካለ ኦዳሲቲ የሚባለውን ነፃ የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ጫኑበት።

በስልኩ በራሱ ስፒከር እየሰማችሁ አትፍረዱ። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር በ41 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 41 ጊዜ፣ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ የስልክ ስፒከር ደግሞ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ከሞላ ጎደል አያሰማም። ከመግቢያ ሙዚቃዎች ብዙዎቹ የሚመሳሰሉት በቤዛቸው ስለሆነ ዋናውን ሳትሰሙ ትቀራላችሁ። ቴሌቪዥኑ ፊት ስልክ ደቅኖ መቅዳትም እንደዚያው ነው፤ በመሃል አዲስ አበባ ከሆነማ የታክሲ ረዳት ጥሪም አብሮ ይቀዳል።

ክራር ብትጨምሩ ጥሩ ነው፤ ለምን እንደሆነ ከታች ይመጣል። ቸርችል ጎዳና ዳር ባሉት የባህል ዕቃ ሱቆች የሚንጠለጠሉት ብዙዎቹ ግን ለግድግዳ ጌጥ የተሠሩ ናቸው። ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ክር ወጠር አድርጋችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ማጥበቂያው ከተንሸራተተ ተዉት።

ትክክለኛውን ቅጂ መያዝ

የስሕተቱ ግማሽ የሚመጣው ከዚህ ነው። አንድ ተከታታይ ፊልም በየምዕራፉ መግቢያ ሙዚቃውን ሊቀይር ይችላል። «ትዋይላይት ዞን» እ.ኤ.አ. በ1959 ሲጀምር ሙዚቃው የበርናርድ ኸርማን ነበር። ዛሬ ሰው ሁሉ «ምስጢራዊ ነገር» ለማለት በአፉ የሚያዜማት፣ እየተደጋገመች የምትመላለሰው ባለ አራት ኖታ የጊታር ሐረግ የመጣችው በሁለተኛው ምዕራፍ ነው፤ የማሪየስ ኮንስታንት ናት። ስለዚህ «በ1959 የወጣ ነው» ብሎ ሙግት የጀመረ ሰው በአንድ ምዕራፍ ተሸውዷል።

ቀጥሎ ፍጥነቱን አረጋግጡ። በፊልም የተቀረጹ የአሜሪካ ሥራዎች በሰከንድ 24 ምስል ይዘው ይሠራሉ፤ የእኛ አገር የቆየው የቴሌቪዥን ሥርዓት ፓል ሲሆን በሰከንድ 25 ነው። በማሸጋገሩ ላይ ፊልሙ 4 በመቶ ያህል ይፈጥናል፣ ድምፁም ካልታረመ በ0.7 ግማሽ ቶን ከፍ ይላል (ግማሽ ቶን በኪቦርድ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቅርቡ ቁልፍ ያለው ርቀት ነው)። በኪቦርድ ስትፈልጉት በሁለት ቁልፎች መሃል የሚውል ዜማ ካጋጠማችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንን ነው። መድኃኒቱ በኦዳሲቲ ፍጥነትንና የድምፅ ከፍታን አብሮ በሚቀይረው ትእዛዝ 0.96 ማስገባት ነው። የቱርክ ድራማዎች ከመነሻቸው በ25 የሚቀረጹ በመሆናቸው ይህ ችግር የለባቸውም። ዩቲዩብ ላይ ያለው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ የቅጂ መብት መፈተሻውን ለማምለጥ ሆን ብለው ድምፁን ከፍ ወይም ዝቅ አድርገው የሚጭኑ ብዙ ናቸው። የአንዱን ሰው ጭነት ብቻ አትመኑ፤ ሁለት ሦስቱን አወዳድሩ።

ከሁለቱም ሙዚቃ እኩል ርዝመት ቁረጡ። ከ20 እስከ 40 ሰከንድ ይበቃል። አንዱን ሙሉ ዘፈን፣ ሌላውን አጭር መክፈቻ አድርጋችሁ ካነጻጸራችሁ ረጅሙ ውስጥ የፈለጋችሁትን ሁሉ ታገኛላችሁ።

ምቱ

በእግራችሁ እየመታችሁ 15 ሰከንድ ቁጠሩና በ4 አባዙ። ከኮምፒውተር ይልቅ እግር ይሻላል፤ በተለይ የችክችካ ምት ላይ ፕሮግራሞቹ እጥፉን ወይም ግማሹን ይሰጣሉ። ስድስቱን ምት እንደ 3+3 የቆጠረና እንደ 2+2+2 የቆጠረ ሰው ያንኑ ሙዚቃ ሁለት የተለያየ ፍጥነት ይሰጡታል። ሁለታችሁ ስትሠሩ መጀመሪያ በዚህ ተስማሙ።

ከዚያ የዋናውን ሐረግ የኖታ ርዝመት በትንንሽ ቁጥር ጻፉት። የላሎ ሺፍሪን «ሚሽን ኢምፖሲብል» (1966) 3+3+2+2 ነው፣ ድምሩ 10፤ ሁለት ሁለቱ አንድ ምት ስለሆነ በአምስት ምት የሚሄድ ለየት ያለ ሥራ ነው። በ1996 ለፊልሙ የወጣው የላሪ መለንና የአዳም ክሌይተን ቅጂ ግን ወደ አራት ምት ስላመጣው ለዳንስ ተመቸ፤ ዜማው ያው ሆኖ መቁጠሪያው ተቀየረ። ከ3+3+2+2 የመጨረሻዋን 2 ብታነሱ 3+3+2 ይቀራል። ይህ ደግሞ ከካሪቢያን እስከ ምዕራብ አፍሪካ የተሰራጨ ምት ነው። አምስት ምቱ ከተመሳሰለ ቁም ነገር ነው፤ 3+3+2 ከተመሳሰለ ምንም ማለት አይደለም።

ዜማውን ወደ ቁጥር መመለስ

ሁለት ዜማዎች በተለያየ የድምፅ ከፍታ ከተጫወቱ ጆሮ ይታለላል፤ ቁጥር ግን አይታለልም። የምትጽፉት የኖታውን ስም አይደለም፤ ከአንዱ ኖታ ወደ ቀጣዩ ስንት ግማሽ ቶን እንደተወጣ ወይም እንደተወረደ ነው። ግማሽ ቶን ማለት በኪቦርድ ላይ ከአንድ ቁልፍ ወደ ቅርቡ ቁልፍ ነው፣ ነጭም ይሁን ጥቁር። መውጣትን በ+፣ መውረድን በ− ምልክት አድርጉ። ስሞቹን ስትጽፉ ደግሞ ዜማው የሚያርፍበትን ኖታ ሁልጊዜ «ዶ» በሉት።

«ድራግኔት» የተባለው የፖሊስ ድራማ፣ በ1949 በሬዲዮ ከዚያም በ1951 በቴሌቪዥን የጀመረው፣ አራት ኖታ ብቻ ይዞ ይከፍታል፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ዶ («ፍላት» በግማሽ ቶን ዝቅ ያለ፣ «ሻርፕ» በግማሽ ቶን ከፍ ያለ ማለት ነው)። ሲጻፍ፦ +2 +1 −3። የ«ሲምፕሰንስ» መክፈቻ (ዳኒ ኤልፍማን፣ 1989) የተከታታዩን ስም ሲያዜም፦ ዶ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል፤ ማለትም +6 +1። የሄንሪ ማንቺኒ «ፒተር ገን» (1958) ቤዝ ከዶ ተነስቶ፦ 0 +2 −2 +3 −3 +5 −1 (0 ማለት ያው ኖታ ተደገመ ነው)፣ ያለማቋረጥ እየተደጋገመ።

ስሕተት የሚበዛባቸው ቦታዎች አሉ። ጀማሪ የቆመበትን ቁልፍ «አንድ» ብሎ ይቆጥርና ቁጥሮቹ ሁሉ በአንድ ይበልጣሉ፤ መቁጠር የሚጀመረው ከቀጣዩ ቁልፍ ነው። ጌጥን እንደ ዜማ መጻፍም የተለመደ ነው። የማሲንቆና የዋሽንት ተጫዋች በአንድ ኖታ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ የሚጻፈው ያረፈበት ነው። ሌላው ኦክታቭ ነው፦ አንዱ +7 ወጥቶ፣ ሌላው −5 ወርዶ በስም አንድ ኖታ ላይ ይደርሳሉ። ይህን ካያችሁ በወረቀቱ ጥግ ማስታወሻ ጻፉ፣ ምክንያቱም ሆን ብሎ ዜማ የሚደብቅ ሰው የመጀመሪያ ዘዴው ይህ ነው።

ዜማው ፈጥኖባችሁ ካልተያዘ የድምፁን ከፍታ ሳይነካ ምቱን ብቻ የሚያዘገየውን ትእዛዝ ተጠቀሙና በ50 በመቶ አዝግሙት። ቤዙን ለብቻ ለመስማት ከ200 እስከ 250 ኸርዝ በላይ ያለውን የሚቆርጠውን ማጣሪያ አድርጉ። በየደረጃው ማስቀመጥ አትርሱ፤ መብራት የሚሄደው ሁልጊዜ ሥራው ሊያልቅ ሲል ነው።

ቅኝቱ የሰጠውን መቀነስ

አማርኛ ሰሚ ጆሮ ላይ ከሌላው ዓለም ሰው በተለየ የሚያስቸግረው ይህ ነው። ያደግንባቸው ቅኝቶች አምስት አምስት ኖታ ናቸው። በአምስት ኖታ የተሠሩ ሁለት ዜማዎች ሳይተዋወቁ መገናኘታቸው አይቀርም። ቅኝቶቹን በግማሽ ቶን ርቀት፣ ከማረፊያው ተነስቶ ኦክታቩን እስኪመልስ እንዲህ መያዝ ይቻላል፦

ትዝታ ሜጀር፦ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ (2 2 3 2 3)
ትዝታ ማይነር፦ ዶ ሬ ሚ ፍላት ሶል ላ ፍላት (2 1 4 1 4)
ባቲ ሜጀር፦ ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ (4 1 2 4 1)
ባቲ ማይነር፦ ዶ ሚ ፍላት ፋ ሶል ሲ ፍላት (3 2 2 3 2)
አምባሰል፦ ዶ ሬ ፍላት ፋ ሶል ላ ፍላት (1 4 2 1 4)
አንቺሆዬ፦ ዶ ሬ ፍላት ፋ ሶል ፍላት ላ (1 4 1 3 3)

ይህ በኪቦርድ ልክ የተጻፈ ነው። የድሮ ድምፃዊና የማሲንቆ ተጫዋች እነዚህን ቁልፎች በትክክል አይረግጥም፤ በተለይ አንቺሆዬን ከፒያኖ ጋር አስማማለሁ ብላችሁ አትድከሙ።

ቁጥሮቹን ደህና አድርጋችሁ ብታዩ አንድ ነገር ይገለጣል። የትዝታ ሜጀርን ኖታዎች ሳትነኩ ከ«ላ» ብትጀምሩ ባቲ ማይነር ይወጣል። የትዝታ ማይነርን ከ«ሶል» ብትጀምሩ አምባሰል ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ዜማዎች አንድ ዓይነት ኖታ ስለተጠቀሙ ብቻ አንድ ቅኝት አይደሉም፤ የሚለያቸው የሚያርፉበት ቦታ ነው። ማረፊያውን ለማግኘት ሙዚቃውን የመጨረሻው ኖታ ላይ ሳይደርስ አቁሙትና በአፋችሁ ጨርሱት፤ አፋችሁ ያረፈበት ኖታ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። የቴሌቪዥን መክፈቻ ግን ሆን ብሎ ሳያርፍ ሊቆረጥ ይችላል፣ ታሪኩ እንዲቀጥል። ያኔ የዝርዝሩን ቅጂ፣ ማለትም ስሞቹ ሲያልፉ መጨረሻ ላይ የሚሰማውን፣ ፈልጉ።

ክራሩ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በአንዱ ቅኝት ቃኙትና ዜማውን ሞክሩት። ክር ሳትነኩ፣ ቅኝት ሳትቀይሩ ዜማው ሙሉ በሙሉ ከወጣ ያ ዜማ የቅኝቱ ልጅ ነው፤ ከሌላ ዜማ ጋር መመሳሰሉ ብቻውን አያስገርምም። አንድ ኖታ ከጎደለና ክር ማጥበቅ ካስፈለጋችሁ ያችን ኖታ በወረቀቱ ላይ ክበቧት። መስረቅም ሆነ መውረስ ካለ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚያች ኖታ አካባቢ ነው።

በዚህ ፈተና የራሚን ጃዋዲን «ጌም ኦፍ ትሮንስ» (2011) መክፈቻ እንውሰድ። ከሥር የሚመላለሰው ሐረግ ሶል፣ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ ነው፦ −7 +3 +2፣ ከዚያ +2 ብሎ ወደ ሶል ይመለሳል። ርዝመቱ 2+2+1+1። አራቱም ኖታዎች በባቲ ማይነር ውስጥ አሉ፤ ክራሩ ሳይደክም ይጫወተዋል፤ አዲስ አበባ ላይ ያደገ ጆሮ «የእኛ ነገር አለው» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ዜማው ራሱ ሲገባ ሬ ይመጣል፣ በመግቢያውም ሚ ፍላቷ ወደ ሙሉ ሚ ትቀየራለች። ባቲ ማይነር ሁለቱንም የለውም። ቤት መስሎን የገባንበት ደጃፍ የሰው ሆኖ ተገኘ።

በተቃራኒው አንድ የአገር ውስጥ ታሪካዊ ድራማ ከዚህ ወስዷል የሚል ጥርጣሬ ቢነሳ፣ ማይነር መሆኑን፣ ወፍራም የቼሎ ድምፁንና ከበሮውን ማስረጃ አታድርጉ። −7 +3 +2 ከነ 2+2+1+1 ርዝመቱ፣ እንደዚያው ከሥር እየተመላለሰ ከተገኘ ግን ባቲ ማይነር ይህን ሁሉ አብሮ አይሰጥምና መያዝ አለበት።

ከሩቅ አገር ጋር የሚያምታታም አለ። የጃፓኖች ሂራጆሺ የተባለው የኮቶ (ባለ ክር ባህላዊ መሣሪያቸው) ቅኝት 2 1 4 1 4 ነው፤ ከትዝታ ማይነር ጋር አንድ። ትዝታ ሜጀር ደግሞ ከቻይና እስከ ስኮትላንድ አለ። የጃፓን ካርቱን መክፈቻ ሰምቶ «ይሄማ የእኛ ነው» ያለ ሰው አልተሳሳተም፣ ኖታዎቹ አንድ ናቸው፤ የወሰደ ግን የለም።

የቱርክ ድራማ ነገር ራሱን የቻለ ነው። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ የተመለሱ የቱርክ ድራማዎች በየቤቱ ገብተዋል፣ መግቢያ ሙዚቃዎቻቸውም ከጆሮ ተዋሕደዋል። ከእነሱ ብዙዎቹ ሂጃዝ በሚባለው የአራት ኖታ ቤተሰብ ይንቀሳቀሳሉ፤ በኪቦርድ ሲጻፍ 1 3 1 ይሆናል። የእኛ አንቺሆዬ 1 4 1 ብሎ ይጀምራል። ልዩነቱ መሃል ላይ አንድ ግማሽ ቶን ብቻ ነው፤ በፍጥነት የሚሰማ ሰው ሁለቱን ያቀላቅላል። መሃለኛውን ዝላይ ለብቻው እየደጋገማችሁ ስሙት፦ ሦስት ከሆነ ወደ ሂጃዝ፣ አራት ከሆነ ወደ አንቺሆዬ። በቱርክ ንድፈ ሐሳብ አንድ ሙሉ ቶን (ሁለት ግማሽ ቶን) ኮማ በሚባሉ 9 ትንንሽ ክፍሎች ይከፈልና ሂጃዝ 5–12–5 ተብሎ ይጻፋል፤ መሃሉ ከኪቦርዱ ሦስት ግማሽ ቶን ትንሽ ጠበብ ይላል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለተኛዋ ኖታ ከቁልፉ ከፍ ብላ ብትሰማችሁ ቅጂው ተበላሽቶ አይደለም፣ በ0.96 ለማረምም አትሞክሩ።

የፕሮግራሙ ዓይነት የሰጠውን መቀነስ

የዜና መግቢያ ሁሉ ለምን ይመሳሰላል? አጫጭር «ፒፕ» የሚሉ ድምፆች፣ የማያቋርጥ የሰዓት መሰል ምት፣ መለከት። የቢቢሲን የ1999 የዜና ሙዚቃ የሠራው ዴቪድ ሎው እነዚያን ድምፆች ያመጣው ከሬዲዮው የሰዓት ምልክት ነው። ስድስት ፒፕ ነበሩ፣ በ1,000 ኸርዝ፣ ከ1924 ጀምሮ ሰዓት ለማስተካከል የሚላኩ። ሁለት የዜና መክፈቻዎች ፒፕ ስላሉባቸው አንዱ ከሌላው ወስዷል አይባልም፤ አያታቸው አንድ ነው።

የሰላይና የመርማሪ ድራማም የራሱ ዩኒፎርም አለው፦ ማይነር፣ የሚመላለስ ቤዝ፣ በግማሽ ቶን እየተሳበ የሚወጣና የሚወርድ መሃለኛ ድምፅ። ለምሥጢራዊ ታሪክ ቀዝቃዛ የኤሌክትሮኒክ ድምፅ ይመጣል። እዚህ ላይ የድምፁን ዓይነትና ዜማውን ለያይቶ መመዝገብ ይጠቅማል። የ«ዶክተር ሁ» መክፈቻ (1963) ዜማው የሮን ግሬይነር ነው፤ ያንን የሚያስደነግጥ ድምፅ ግን በቢቢሲ ስቱዲዮ ቴፕ እየቆረጠች እየቀጠለች ያወጣችው ዴሊያ ደርቢሸር ናት። ያንን ሥራ የሚመስል ሌላ መግቢያ ሲገጥማችሁ የተመሰለው የግሬይነር ይሁን የደርቢሸር ለዩ። ብዙ ጊዜ የደርቢሸር ነው።

ሌላው የጋራ ምንጭ ይበልጥ ተራ ነው። በአገራችን ብዙ መክፈቻ የሚሠራው በአንድ ኪቦርድ ነው፤ ያማሃና ኮርግ አብረዋቸው የሚመጡ ዝግጁ ሪትሞች አሏቸው። ሁለት ድራማዎች የከበሮ ምታቸው፣ የቤዝ አካሄዳቸው፣ መሸጋገሪያው ሳይቀር አንድ ከሆነ መጀመሪያ የሪትሙን ቁጥር ፈልጉ። የተዘጋጀ ሙዚቃ ከክምችት ገዝቶ መጠቀምም አለ፤ ያ የታወቀው የኮንስታንት «ትዋይላይት ዞን» ራሱ ለጣቢያው ክምችት ከተጻፉ ሁለት አጫጭር ሥራዎች ተገጣጥሞ የወጣ ነው። አዘጋጆች ደግሞ ምስሉን በሌላ ሰው ሙዚቃ ላይ ቆርጠው ይጨርሱና ሙዚቀኛውን ጠርተው «እንደዚህ ዓይነት» ይሉታል። ያኔ ዜማው ሳይሆን ፍጥነቱ፣ የመሣሪያው አገባብና ጫፍ የሚወጣበት ሰከንድ ይመሳሰላሉ። 22ኛው ሰከንድ ላይ ሁለቱም ዝም ብለው 24ኛው ላይ ከበሮ ካስገቡ ጉዳዩ ምናልባት የሙዚቀኛው አይደለም።

ማን ቀደመ?

ቀን ስትጽፉ የዘመን አቆጣጠሩን አብራችሁ ጻፉ። «በ2008 የወጣ» የአገር ውስጥ ድራማ በፈረንጆቹ 2015 ወይም 2016 ነው፤ ይህን ሳያስተውሉ የኋላውን ፊተኛ ያደረጉ ሙግቶች ብዙ ናቸው። የታየበትንና የተደረሰበትንም ለዩ፤ ሙዚቃው ድራማው ከመታየቱ ዓመት ቀድሞ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ፊተኛውን ሥራ ኋለኛው ሰው ሊሰማው ይችል ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የ«ድራግኔት» አራት ኖታዎች ጉዳይ በዚህ ነው የተነሳው። ሙዚቃው የዋልተር ሹማን ነው ተባለ፤ ነገር ግን ሚክሎሽ ሮዣ በ1946 «ዘ ኪለርስ» ለተባለው ፊልም በሠራው ሙዚቃ ውስጥ ያው ሐረግ ነበር። ያው +2 +1 −3፣ ያው ከባድ አገባብ፣ ያውም በወንጀል ታሪክ ላይ፣ ጥቂት ዓመት ብቻ ተለያይቶ። ነገሩ በስምምነት አለቀና የሮዣም ስም እንዲገባ ሆነ።

ከዚህ ጋር የ«ሲምፕሰንስ»ን +6 +1 አስተያዩ። በ1957ቱ «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ውስጥ በርንስታይን «ማሪያ» የሚለውን ስም ያዜመው በዚያው +6 +1 ነው። ይመሳሰላሉ? በግማሽ ቶን ልክ። ሦስት ኖታ ግን ትንሽ ነው፣ አንዱ የፍቅር እንጉርጉሮ፣ ሌላው የልጆች ሽብር ነው፣ ከሦስተኛው ኖታ በኋላም መንገዳቸው ይለያያል። ለሙግት ይበቃል፣ ለፍርድ ግን አይበቃም።

ውርሱ በግልጽ የታወጀም አለ። በ1987 የመጣው አዲሱ «ስታር ትሬክ» ከ1966ቱ የአሌክሳንደር ከሬጅን የመለከት ጥሪ ከፊት አስቀመጠ፣ ቀጥሎ ጄሪ ጎልድስሚዝ ለ1979ኙ ፊልም የሠራውን አስገባ። ይህ ልጅ የአባቱን ስም እንደሚጠራ ነው፤ ተመልካች እንዲያውቀው ተፈልጎ የተደረገ።

ስለ ሕጉ አንድ ነገር ብቻ። «እስከ ሰባት ኖታ መውሰድ ይፈቀዳል» የሚባለው በስቱዲዮዎች የሚዞር ወሬ ነው፤ በቅጂ መብት አዋጁ፣ በቁጥር 410/1996 ውስጥ እንዲህ ያለ የኖታ ቁጥር የለም። ቅኝት ግን የማንም የግል ንብረት አይደለም።

ሳይነገራቸው ማሰማት

ውጤታችሁን ራሳችሁ አትመኑት፤ ለሃያ ጊዜ ከሰማችሁት በኋላ ሁሉም ነገር መመሳሰል ይጀምራል። ሁለቱን ዜማዎች በአንድ የድምፅ ከፍታ፣ በአንድ ፍጥነትና በተራ የፒያኖ ድምፅ ብቻ ተጫውታችሁ ቅዱ፤ እያንዳንዱ ከ8 እስከ 10 ሰከንድ። ሦስተኛ፣ ምንም የማይገናኝ ነገር ግን በዚያው ቅኝት የሆነ ዜማ ጨምሩ። በቴሌግራም ለአምስት ሰው ላኩና «ከሦስቱ የትኞቹ ሁለቱ ይቀራረባሉ?» ብቻ በሉ። «ከዚህኛው ተሰርቋል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱን ሰጥታችሁ ነው የጠየቃችሁት። አምስቱም የጠረጠራችሁትን ጥንድ ከመረጡ ዜማው ራሱ ይመሳሰላል። ከተበታተኑ ሲያመሳስላችሁ የነበረው ቼሎው ወይም ከበሮው ነው። ሦስተኛውን ከመረጡ ቅኝቱን በደንብ አልቀነሳችሁም፤ ወደ ክራሩ ተመለሱ።

ለመለማመድ በሻምፒየንስ ሊጉ መዝሙር ጀምሩ፤ መልሱ የታወቀ ስለሆነ ጆሮን ለመግራት ይመቻል። የ«ካህኑ ሳዶቅ»ን መግቢያ ዝማሬው እስኪገባ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ታገሡት፣ ከዚያ የኳሱን ክፈቱ። ወደ ላይ የሚወጣው የቫዮሊን አካሄድና የዝማሬው አገባብ የተወረሰ ነው፤ ግጥሙ የተሸመነው ግን ከእንግሊዝኛ፣ ከፈረንሳይኛና ከጀርመንኛ ነው። ሁለቱን በወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፋችሁ የተወረሰውንና አዲሱን በሁለት ቀለም ለዩ። ከዚያ ወደ «ፒተር ገን» ቤዝ እለፉ፤ እሱን በቁጥር ሳትሳሳቱ ከጻፋችሁ ማታ ማታ የሚታየውን ማንኛውንም መክፈቻ መያዝ ትችላላችሁ። የአንቺሆዬና የሂጃዙን ለመጨረሻ አቆዩት፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይወስዳል።